ማክዳን ማን እንዴት ሰማት?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሰባቱ ስለ አንዲት ሴት ይጠይቃሉ፤ ስለ ንግሥተ ሳባ። ጠያቂዎቹ አይተዋወቁም፤ የሰሟትም በየፊናቸው ነው። በአንድነት መልሰናል።

በ10ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ንግሥተ ሳባ በተነሣች ቁጥር አንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ይጠቅሳል፣ አንዷ አያቷ የነገረቻትን ታወራለች፣ ሌላው ስልኩ ላይ ያየውን ቪዲዮ ያመጣል። «ቲቸር፣ ትክክለኛው የቱ ነው?» ይሉኛል። ያለኝ 40 ደቂቃ ነው። (መምህር፣ ከደብረ ብርሃን)

«ትክክለኛው የቱ ነው» የሚለውን ጥያቄ «መጀመሪያ የተጻፈው የቱ ነው፣ ቀጣዩስ ምን ጨመረበት» በሚል ይቀይሩት። የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ለ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 10፣ ከቁጥር 1 እስከ 13 ይስጡ። አሥራ ሦስት ቁጥር ብቻ ነው፤ ጮክ ብሎ ሲነበብ ከሦስት ደቂቃ አያልፍም። ከዚያ ተማሪዎቹ እዚያ ውስጥ የሌለውን ይዘርዝሩ። ስም የላትም። ልጅ አልወለደችም። የሌሊት ታሪክ የለም፣ ታቦት የለም፣ የውኃ ነገር የለም። ያለው እንቆቅልሽ፣ ግመል፣ ሽቱና 120 መክሊት ወርቅ ነው። ቁጥር 13 ላይ ግን ሰሎሞን የወደደችውንና የለመነችውን ሁሉ እንደ ሰጣት ይናገርና ምን እንደ ለመነች ሳይነግረን ያልፋል። ኋላ የመጡት ተራኪዎች ሁሉ ገብተው የተቀመጡት እዚያች ባዶ ቦታ ላይ ነው። ሰሌዳው ላይ ከብበው ያሳዩዋት።

ቀጣዩ 15 ደቂቃ ለሌሎቹ ይሁን። ሰሌዳው ላይ አራት ዐምድ ያስምሩ፦ ማን ተረከ፣ ምን ጨመረ፣ ምን ተወ፣ የትኛውን ጥያቄ ሊመልስ ፈልጎ። አራተኛው ዐምድ ከሌለ ትምህርቱ ዝርዝር ሆኖ ይቀራል። ለምሳሌ ክብረ ነገሥት ስም (ማክዳ)፣ ነጋዴ (ታምሪን)፣ ልጅ (ቀዳማዊ ምኒልክ) እና ጽላት ይጨምራል። በግዕዝ የተጻፈው በ14ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን (እ.ኤ.አ. 1314–1344) ነው። ይኩኖ አምላክ ዛግዌን ተክቶ ከነገሠ (እ.ኤ.አ. 1270) ገና ሁለት ትውልድ አልሞላም ነበር። «ዙፋኑ የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ትኩስ በሆነበት አገር መልሱ የዘር ሐረግ ሆኖ ቢመጣ አይደንቅም።

የቀረችውን ሩብ ሰዓት እንደ አንድምታ ያስኬዷት። የአብነት ትምህርት ቤት ይህን ሥራ ድሮ ነው የለመደው፤ ንባቡን አስቀምጦ «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው» እያለ አንዱን ትርጉም ከሌላው ጎን ያቆማል፣ ሁለተኛው መጣ ብሎ የመጀመሪያውን አይጥልም። እያንዳንዱ ተማሪ በቁጥር 13 ላይ አንድ «አንድም» ይጻፍ፤ ሥሩ የት እንዳለም ያሳይ።

ሲበላሽ የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ነገሩ የሃይማኖት ክርክር ይሆናል፤ ይህ የሚመጣው «ትክክል» የሚለው ቃል ሰሌዳው ላይ ሲወጣ ስለሆነ ቃሉን አያውጡት። ሁለተኛው፣ ልጆቹ ሁሉንም አቀላቅለው አንድ ታሪክ ይሠራሉ፤ የመስታወቱን ወለል ከቁርኣን፣ ውኃውን ከክብረ ነገሥት፣ ዘንዶውን ከስዕል (ሦስቱም ከታች ባሉት መልሶች አሉ)። ለየተራኪው የተለያየ ቀለም ጠመኔ መጠቀም ይህን ያስቀራል።

ሳሎናችን ውስጥ የንግሥተ ሳባ ስዕል ተሰቅሏል። የ16 ዓመት ልጄ አንድ ቀን ቆማ ሁሉንም ካየች በኋላ «ማሚ፣ ይሄ እኮ አስገድዶ መድፈር ነው፣ ለምን ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። (ወ/ሮ ሰ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ልጅዎ ያየችው ነገር አለ። መልሱን ከስዕሉ ሳይሆን ከመጽሐፉ ይጀምሩት፤ ስዕሉ የጣለው ነገር አለና።

በክብረ ነገሥት ምዕራፍ 29 መጨረሻና ምዕራፍ 30 ላይ ያለው እንዲህ ነው። ሰሎሞን የመጨረሻውን ግብዣ ያሰናዳል፤ ምግቡ በርበሬ የበዛበትና ውኃ የሚያስጠማ፣ መጠጡም ሆምጣጤ ያለበት ነው፤ ሆን ተብሎ። እዚያው እደሪ ሲላት ማክዳ አስቀድማ ታስምለዋለች፦ በግድ እንዳይነካት በእስራኤል አምላክ ይማልላት። ምክንያቷንም ትናገራለች፤ ድንግል ናት፣ ተታልላ ብትገኝ በኀዘንና በመከራ ነው ወደ አገሯ የምትመለሰው። እሱም ይምልና በተራው ያስምላታል፤ ከቤቱ አንዳች ነገር በግድ እንዳትወስድ። ትስቅበታለች፤ «ልሰርቅህ መጣሁ እንዴ?» የሚል ነው መልሷ። ሌሊት ጉሮሮዋ ደርቆ ትነቃለች፣ እልፍኙ መካከል የተቀመጠውን ውኃ ታነሣለች። ያልተኛው ንጉሥ እጇን ይይዛል። ከሰማይ በታች ከውኃ የሚበልጥ ምን አለ ብሎ ይሞግታታል። እሷም በራሷ ላይ እንደ በደለች፣ እሱም ከመሐላው ነጻ እንደ ሆነ ትናገራለች፤ ብቻ ውኃውን ልጠጣ።

ስዕሉ ላይ የቀረው ሁለት አልጋ፣ አንድ ማሰሮና የተያዘ እጅ ነው። «በግድ» የሚለው ቃልና ለምን እንዳስማለችው የነገረችው ምክንያት ስዕሉ ላይ ቦታ የላቸውም። ስለዚህ ልጅዎ ያነበበችው ከመጽሐፉ ይበልጥ የደረቀውን ነው።

የድሮ አድማጭ በዚህ ቦታ ይስቃል። የሚስቀው በመከራዋ አይደለም፤ ጆሮው ያለው መሐላው ላይ ነው። እንቆቅልሽ ይዛ የመጣችው ንግሥት ራሷ እንቆቅልሽ ውስጥ ገባች፤ «አንዳች ነገር» የሚለው ቃል ውኃንም ይዞ ተገኘ። በሙግት ያደገ ሰው እንደ ጠበቃ ብልጠት ያየዋል። የዛሬዋ ልጅ ጆሮ ደግሞ ፈቃድ ላይ ነው። ሁለቱም የሚያነቡት አንድ ገጽ ነው።

ልጅዎ አንድ ነገር ላይ ግን የምትሳሳት ይመስለናል፤ ከእሷ በፊት ማንም ልብ አላለውም ብላ ካሰበች። ከሌሊቱ ታሪክ ቀደም ብሎ ጸሐፊው ትረካውን አቁሞ ስለ ሰሎሞን ይሟገታል፦ ሴቶችን ያበዛው ለዝሙት ሳይሆን ለአብርሃም የተነገረው ዘር እንዲበዛ ነው፤ የቀደሙት ሰዎች በሥጋ ሕግ ይኖሩ ነበር፤ ከክርስቶስ በኋላ ግን አንድ ለአንድ ተደንግጓል፣ ይላል። ክስ በሌለበት ማንም ጠበቃ አይቆምም። የ14ኛው መቶ ዓመት አድማጭ ፊቱን አጨማዶ ነበር ማለት ነው።

እንዲህ ያድርጉ። የምዕራፍ 29ን መጨረሻና ምዕራፍ 30ን አብራችሁ አንብቡ፤ 20 ደቂቃ ይበቃል። እሷ የተናገረችውን በአንድ ቀለም፣ እሱ የተናገረውን በሌላ አስምሩ። ከዚያ ሦስት ነገር ይጠይቋት፦ መሐላውን መጀመሪያ ያመጣው ማነው? ምግቡን ማን አዘዘ? ጥፋቱን መጨረሻ ላይ ማን በራሱ ላይ ወሰደ፣ ያንንስ በአፏ ያደረገው ማን ነው? «ያኔ እንዲህ ነበር» ብለው ግን አይዝጉት። ያኔም እንዲህ ብቻ እንዳልነበር መጽሐፉ ራሱ መስክሯል። ስዕሉን ማውረድ ወይም መተው የእናንተ የቤት ጉዳይ ነው፤ ከተተወ ልጅቷ «በግድ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ጽፋ ከሥሩ ብትለጥፍ አያስከፋንም።

ክብረ ነገሥት ሕግ ነበር ሲሉ እሰማለሁ። ትረካ እንዴት ሕግ ይሆናል? (የሕግ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

የፍርድ ቤቱ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት ነው፤ አታምታታው። ክብረ ነገሥት የዙፋኑ የባለቤትነት ካርታ ነበር ብትል ይቀርባል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በነሐሴ 1864 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1872) ወደ እንግሊዝ በጻፉት ደብዳቤ ከመቅደላ የተወሰደውን ክብረ ነገሥት እንዲመልሱላቸው ጠየቁ፤ የአገሩ ሕግ፣ የሹሞቹ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአውራጃዎቹ ስም በውስጡ እንዳለ፣ ያለ እሱ ሕዝቡ እንደማይታዘዝላቸው ገለጹ። ብሪቲሽ ሙዚየም አንድ ቅጂ መለሰ። ደብዳቤውን ስታነብ አንድ ነገር ልብ በል። በተከበሩ ብራናዎች ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ የርስትና የጉልት መዝገብ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህ «ሕግ» የተባለው ትረካው ብቻ ሳይሆን አንዱ ብራና አብሮ የተሸከመው ጽሑፍም ሊሆን ይችላል።

ትረካው ራሱ አንቀጽ የሆነው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 3 እና በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው አንቀጽ 2 የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ሳይቋረጥ ከቀዳማዊ ምኒልክ፣ ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ልጅ፣ ያመጡታል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዙፋኑም ሕገ መንግሥቱም ወረዱ። ተረቱ ግን ከሕገ መንግሥት ወጥቶም አልሞተም፤ ሥራ ለወጠ እንጂ። በጃማይካ ራስተፈሪያን ዘንድ ያው የዘር ሐረግ ስለ አንድ ሥርወ መንግሥት ሳይሆን ስለ ጥቁር ሕዝብ ክብር ይነበባል።

ከቸርችል ጎዳና የገዛሁት ባለ ብዙ ሣጥን ስዕል አለኝ። ከየት ጀምሬ ላንብበው? ለምንስ በእባብ ይጀምራል? ጫፉም እየተላጠ ነው። (አቶ ግ.፣ ከአዲስ አበባ)

የተለመደው 44 ሣጥን ነው፤ ብዙ ጊዜ በ4 ረድፍ፣ በየረድፉ 11። እንደ አማርኛ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። ከሣጥኑ ሥር ያለው ጽሑፍ ከስዕሉ ጋር ካልገጠመ አይደናገጡ፤ ከሌላ ሰሌዳ ሲገለበጥ አንድ ሣጥን የተዘለለበት ሰሌዳ ያጋጥማል። ሣጥኖቹን ይቁጠሩ።

እባቡ አርዌ ነው፤ ሕዝብ የሚገብርለት ዘንዶ። አጋቦስ (አንዳንዱ አንጋቦ ይለዋል) በመርዝ ገድሎት ይነግሣል፣ ልጁ ማክዳ ትወርሰዋለች። ይህ ክብረ ነገሥት ውስጥ በማክዳ ታሪክ የለም። ከሰሜኑ የቃል ትረካ የመጣ ነው፤ ሠዓሊዎች አጣብቀውት አሁን የማይነጠል ሆኗል። አጣባቂው ምክንያት ነበረው፤ መጽሐፉ ንግሥቲቱ ዙፋኑን ከየት እንዳገኘች በቅጡ አይነግርም፣ ተመልካች ደግሞ ይጠይቃል።

አንዳንዱ ሰሌዳ ላይ ገረዲቱም ውኃ ጠጥታ ከንጉሡ ትፀንሳለች። ይህም ሌላ ጥያቄ የሚመልስ ነው፤ የዛግዌ ነገሥታት ከገረዲቱ ልጅ ይወለዳሉ የሚል ወግ አለ። ስዕልዎ ላይ ካለች፣ ሠዓሊው (ወይም የገለበጠለት) ይህን ወግ ያውቃል።

ዓይን ይቁጠሩ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ስዕል ደንብ ደግ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው በጎን በአንድ ዓይን ይሣላል። በሌሊቱ ሣጥን ሰሎሞን ስንት ዓይን አለው? የሠዓሊው ፍርድ እዚያ ነው። ለቱሪስት በችኮላ የተሠራ ከሆነ ደንቡ ሊዘነጋ ይችላልና ከአንድ ሣጥን ብቻ ፍርድ አይስጡ።

ስለ መላጡ፦ በእርጥብ ጨርቅ አይጥረጉት፤ ቀለሙ ሙጫው ደካማ ከሆነ ከውኃው ጋር ይነሣል። ለስላሳ ደረቅ የሠዓሊ ብሩሽ ይበቃል፣ የሚላጠውን ቦታ ግን አይንኩት። ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳና ከምድጃ ያርቁት። ማጓጓዝ ካለብዎ ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ በሰፊ የካርቶን ቱቦ ላይ ይጠቅለል። ወደ ውስጥ ሲጠቀለል ቀለሙ ተጨማድዶ ይሰነጠቃል፤ ብዙው ስዕል የሚጎዳው በሻንጣ ውስጥ እንዲህ ታጥፎ ነው። ብራና ወይም ቆዳ ከሆነ ከነጭራሹ አይጠቅልሉት፤ በሁለት ጠፍጣፋ ካርቶን መካከል ይሂድ።

የምሠራበት ቤት እመቤት ንግሥቲቱ ቢልቂስ እንጂ ማክዳ አይደለችም፣ የየመን ናት ትለኛለች። ምን ልበላት? (ከጅዳ)

እህቴ፣ ክርክሩን ከስሙ አትጀምሪው። በቁርኣን ታሪኩ በምዕራፍ 27 (አን-ነምል) ከቁጥር 20 እስከ 44 ይገኛል፤ ሁድሁድ ወፍ ወሬዋን ያመጣል፣ የመስታወቱን ወለል ውኃ መስሏት ልብሷን ሰብሰብ አድርጋ ባቷን ትገልጣለች። ስሟ ግን አልተጠቀሰም፤ ቢልቂስ ያሏት ኋላ የመጡ የተፍሲር (የቁርኣን ትርጓሜ) ጸሐፊዎችና ታሪክ ነጋሪዎች ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስም ስም አልሰጣትም። ስለዚህ ሁለታችሁም የያዛችሁት ኋላ የወጣላትን ስም ነው።

የመን ውስጥ ማሪብ ላይ «ማሕረም ቢልቂስ» የሚባለው ፍርስራሽ አልመቃህ ለተባለ አምላክ የተሠራ ቤተ ጣዖት ነው። የኛው የሐ ላይ የቆመውም መቅደስ ለዚያው አምላክ ነበር። ባሕሩ ያኔ መንገድ እንጂ ድንበር አልነበረም።

ጨዋታ ካማራችሁ ስለ እግሯ አውሩ። በአይሁድ ትረካም መስታወቱ አለ፤ እዚያ እግሯ ጠጉራም ሆኖ ይገኛል። በአክሱም አካባቢ በቃል በሚተረከው ደግሞ የዘንዶው ደም ተንጠባጥቦባት እግሯ የአህያ ኮቴ ሆነ፣ ሰሎሞን ቤት ስትገባ ዳነች። ያቺው እግር በሦስት አገር ዞራለች።

አክሱም ላይ አስጎብኛለሁ። ዱንጉርን «የሳባ ቤተ መንግሥት» ብዬ ማሳየት ልተው? (አስጎብኚ)

ስሙን አይተዉ፣ ቀኑን ይጨምሩ። ሕንፃው ከሰሎሞን ዘመን ከ1000 ዓመት በላይ ይዘገያል። «ይህ የአክሱም ባለጸጋ ግቢ ነው፤ የአካባቢው ሰው የሳባ ቤተ መንግሥት ይለዋል» ብሎ መናገር 10 ሴኮንድ አይፈጅም፣ ጎብኚውም አንድ ሳይሆን ሁለት ታሪክ ይዞ ይሄዳል። ቅደም ተከተሉን አይገልብጡት፤ ስሙ ከቀደመ የኋላውን የሚሰማ የለም።

አያቴ ከምኒልክ ጋር የመጡት አባቶቻችን ናቸው ትላለች። እዚህ ትምህርት ቤት ደግሞ ከዳን ነገድ ነን ተባልን። አያቴ 84 ዓመቷ ነው፤ ሳታልፍ ልቀዳት እፈልጋለሁ። (ከነታንያ፣ እስራኤል)

የዳን ነገድ የሚለው የቆየ ረቢናዊ አስተያየት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ በዚያ ላይ ተመሥርተው ቤተ እስራኤል (ከኢትዮጵያ የመጡት የእናንተ ወገኖች) አይሁድ ናቸው ብለው ወሰኑ። ጥያቄው «አይሁድ ናችሁ ወይ» ነበር፤ የዳን ሐረግ ያንን ይመልሳል። የአያትሽ ትረካ የተሠራው ለሌላ ጥያቄ ነው፤ «ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር አንድ ታሪክ እየተረክን በምን ተለየን?» ለሚል። አንዳንድ ሽማግሌዎች የሚሉት አለ፦ የምኒልክ ጉዞኞች ሰንበት ቀን ወንዝ ደረሱ፤ የተሻገሩት ክርስቲያን ሆኑ፣ ሰንበትን አክብረው የቆዩት አይሁድ ሆነው ቀሩ። ያው የክብረ ነገሥት መንገድ ነው፤ ወንዙ ላይ ብቻ ይለያል። አያትሽ ይህን ወንዝ ታውቀው እንደሆነ አንቺ አታንሺባት፤ ራሷ ካነሣችው ነው ዋጋ የሚኖረው።

ስትቀጂ ስልኩን በረራ ሁነታ ላይ አድርጊ፤ ጥሪ ከገባ ቀረጻው ሊቋረጥ ይችላል። ከአፏ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በተጣጠፈ ጨርቅ ላይ አስቀምጪው፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ የስኒው ኳኳታ ሁሉ ይገባል። ማቀዝቀዣውና ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። መጀመሪያ ፈቃዷን ጠይቂ፤ ፈቃዷም፣ ቀኑም፣ ቦታውም በድምፅ ይያዝ። ከዚያ «አያቴ፣ የምኒልክን ነገር ንገሪኝ» በይና ዝም በይ። ዝምታ ሲመጣ ቢያንስ እስከ 10 ቁጠሪ፤ ጥሩው ነገር ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ይመጣል። አታርሚያት። ስትጨርስ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ ከማን ሰማሽው? ለማን ነበር የሚነገረው፣ መቼ? በአንድ ቁጭታ ከ45 ደቂቃ አትለፊ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ታሪክ እንደገና አስነግሪያት፣ ይቻል እንደሆነ ትንንሾቹ የልጅ ልጆች ባሉበት። ሁለቱን ስታስተያዪ ለአንቺ የነገረችውና ለሕፃናቱ የነገረችው ላይገጥም ይችላል። ስህተት እንዳይመስልሽ፤ ታሪክ በአድማጭ ሲለወጥ በዓይንሽ እያየሽ ነው። ሁለቱንም አስቀምጪ።

አንድ ሰዓት ቀረጻ ለመጻፍ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል። የቋረኛም (የቤተ እስራኤል የቆየ አገውኛ) ሆነ የትግርኛ ቃል ከገባ እንዳለ ጻፊው፤ ወደ ዕብራይስጥ ወይም ወደ አማርኛ መመለሱ በሌላ ዐምድ ይሁን። የድምፁን ፋይል ሦስት ቦታ አስቀምጪ፣ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ።